ትምህርቱ የሚዘገይባት ልጅ

ስለ ተዋልዶ ጤና መብትና ስለ ጾታዊ ትምህርት በአገራችን ክርክር በተነሣ ቁጥር በተከራካሪዎቹ ሐሳብ ውስጥ አንዲት ልጅ አለች። የደንብ ልብስ የለበሰች፣ ስልክ የያዘች፣ ያላገባች የከተማ ተማሪ ናት። ትምህርቱን የሚቃወመው ወገን ይህች ልጅ ገና ያላሰበችውን ነገር መጽሐፍ እንዳያሳስባት ይሰጋል። ደጋፊውም ወገን ይህችኑ ልጅ ይዞ «መብቷ ነው፤ ትወቅ፣ ትወስን» ይላል። ሁለቱ በሌላው ሁሉ ሲጣሉ በልጅቱ ማንነት ግን ተስማምተዋል። እኔ ዛሬ የምሞግተው ይህን ስምምነታቸውን ነው። የዝምታን ዕዳ ስትከፍል የኖረችው በአብዛኛው ሌላ ልጅ ናት፤ በገጠር የምትኖር፣ ትምህርቷን ከታችኛው ክፍል ያቋረጠች፣ ለአካለ መጠን ሳትደርስ ወላጆቿ የዳሯት ልጅ። «ትምህርቱ ወደ ወሲብ ይመራታል» የሚለው ስጋት ለእርሷ ትርጉም የለውም። ወደዚያ የወሰዷት አዋቂዎች ናቸው፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ ዳስ ተጥሎ። እርሷን ይዘን ክርክሩን እንደ አዲስ ስንጀምረው ብዙ የለመድናቸው መከራከሪያዎች፣ የተቃዋሚውም የደጋፊውም፣ ይላላሉ።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ዓ.ም. ስል በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጥናቶቹንና የውጭውን ታሪክ ግን በእ.ኤ.አ. እጠራቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 የሆኑ ሴቶችን መቼ እንዳገቡ ጠይቆ ነበር። ግማሾቹ ያገቡት 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። የመጀመሪያ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ያደረጉበትን ዕድሜ ሲጠይቅ ደግሞ መካከለኛው ቁጥር 16.6 ዓመት ሆነ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፤ ልዩነታቸው የወራት ነው። እርግጥ መካከለኛ ቁጥር ስለ እያንዳንዷ ሴት አይናገርም፤ ወጣቶቹም ከእናቶቻቸው ዘግየት ብለው እያገቡ ነው። ቢሆንም ለአብዛኛዋ የኢትዮጵያ ሴት ግንኙነትና ጋብቻ አብረው የመጡ ነገሮች መሆናቸውን ያሳያል። የወንዶቹን ቁጥር ብናይ በአንጻሩ የመጀመሪያው ግንኙነት በ21.2፣ ጋብቻው በ23.7 ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ልዩነት አለ። ከጋብቻ በፊት ስላለው ጊዜ የምንጨነቅ ከሆነ ቁጥሩ ይበልጥ የሚያስጨንቀው ስለ ወንዶቹ ነበር፤ ስለ ወንድ ልጅ ንጽሕና ተብሎ ስብሰባ ሲጠራ ግን ብዙም አይታይም።

ያው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 ከሆኑ ልጃገረዶች መካከል 13 ከመቶው ወይ ወልደዋል ወይ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል ይላል። በከተማ 5 ከመቶ፣ በገጠር 15 ከመቶ ነው። አዲስ አበባ ላይ 3 ከመቶ ሲሆን አፋር ላይ 23 ከመቶ ይደርሳል። ሥልጡን ነው፣ ልቅ ነው፣ ኢንተርኔት ያበላሸው ነው የምንለው ከተማ ከአገሩ ሁሉ ዝቅተኛው ቁጥር ያለበት ነው። ይህን ስል አዲስ አበባ ላይ ችግር የለም ማለቴ አይደለም። እዚያ ሴቶች የሚያገቡበት መካከለኛ ዕድሜ ወደ 24 ተጠግቷል፤ በጉርምስናና በጋብቻ መካከል ረጅም ዘመን ተከፍቷል ማለት ነው፤ ያንን ዘመን በዝምታ መሙላት የራሱ አደጋ አለው። ግን የአደጋው ክብደት የት እንደሚበልጥ ከተጠየቅሁ ጣቴ ወደ ገጠር ይጠቁማል።

በዚያች ያለዕድሜዋ በተዳረች ልጅ ሰውነት ላይ የሚሆነውን ሐኪሞች ከረጅም ጊዜ ጀምረው ነግረውናል። ዳሌዋ ገና ያልጠናች ልጅ ምጡ ለቀናት ይጸናባታል። የሕፃኑ ጭንቅላት በሽንት ፊኛዋና በብልቷ መካከል ያለውን ሥጋ ተጭኖ ደም ይከለክለዋል፤ የሞተው ሥጋ ሲወድቅ ፊስቱላ የሚባል ቀዳዳ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ሽንቷን መቋጠር አትችልም። ሕፃኑም ብዙውን ጊዜ በሕይወት አይወለድም። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ ሃምሊን ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙት፣ በኋላም የፊስቱላ ሆስፒታልን ያቋቋሙት ለእነዚህ ሴቶች ነው። ፊስቱላ የዕድሜ ማነስ ብቻ ያመጣው አይደለም፤ በጊዜው ቀዶ ሕክምና የሚደርስላት ካለ በሙሉ ዕድሜዋ ያለችውም ልጅቱም ይተርፋሉ። ነገር ግን ምጡ ከአንድ ቀን በላይ ሲቆይ አደገኛ መሆኑን፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለባት፣ የመጀመሪያውን እርግዝና ለሁለት ሦስት ዓመት ማዘግየት እንደሚቻል ልጅቱ የምትሰማው ከማን ነው? ባሏ አያውቅም፤ አማቷ ራሷ በዚያው መንገድ ያለፈች ናት።

እዚህ ላይ በጣም የሚደመጥ መከራከሪያ ይመጣል፤ «ይህ የወላጅ ሥራ ነው፤ ባህላችን የራሱ መንገድ አለው» የሚል። ወላጅ ከአስተማሪ ይበልጣል በሚለው እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን ባህላችን ስለ ወሲብ ዝም ያለ ባህል ነው የሚለውን አልቀበልም። በሠርግ ሌሊት ባህላችን ጮክ ብሎ ይናገር ነበር። ብር አምባር መሰበሩን ሚዜዎች ያበስራሉ፣ ጨርቁ ለወላጆች ይታያል፣ ይጨፈራል፣ ይተኮሳል። ስለ ልጅቱ ድንግልና መንደሩ በሙሉ ይነገረዋል። ስለ ራሷ ሰውነት ግን ለልጅቱ ለራሷ አንድ ነገር የሚነግራት የለም። ወር አበባዋ ሲመጣ ደንግጣ የቆሰለች የመሰላት ብዙ ነች። እናት ልጇን ስለማትወድ አይደለም ዝም የምትለው፤ እርሷንም ማንም አላስተማራትም፣ ከየት አምጥታ ትናገር? «ለወላጅ እንተወው» የሚለው ምክር ወላጁ ዕውቀቱ ካለው መልካም ምክር ነው። ዕውቀቱ ከሌለው ግን ዝምታውን ከእናት ወደ ልጅ ማውረስ ነው። በተጨማሪም፣ ያለዕድሜዋ የሚድራት ያው ወላጅ ሲሆን፣ ስለ ጋብቻ ሕግ እንዲነግራት ከእርሱ መጠበቅ የዋህነት ይመስለኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማስተማር ስሜትን ያነሣሣል ይባላል። ይህ በግምት ሳይሆን በልኬት የሚመለስ ጥያቄ ነው፤ ተለክቷልም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሻሻለው የጾታዊ ትምህርት መመሪያ የተመሠረተባቸው በብዙ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ትምህርቱ ወጣቶች ግንኙነት የሚጀምሩበትን ዕድሜ እንደማያወርድ፣ የግንኙነቱንም ብዛት እንደማይጨምር አሳይተዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ያዘገየዋል። ከዚህ በተቃራኒ ቆሞ «መታቀብን ብቻ እናስተምር» የሚለው መንገድም ተፈትኗል። የአሜሪካ ምክር ቤት ራሱ ያዘዘውና እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጥናት በአራት እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ያለፉትን ልጆች ካላለፉት ጋር ለዓመታት አነጻጽሮ ነበር። የታቀቡት ቁጥር በሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ሆነ። መታቀብን መምከር ክፉ ነው አልልም፤ ብዙ ወላጅ፣ እኔም ብሆን፣ ለልጁ የሚመኘው ነው። ብቻውን ሲቀር ግን የሚጠበቅበትን አይሠራም። ደጋፊዎችም በዚህ ማስረጃ እጅግ መኩራት የለባቸውም። ብዙዎቹ ትምህርቶች ዕውቀትን ሲጨምሩ ኑሮን የቀየሩት በጥቂቱ ነው። አንድ ሰዓት ንግግር፣ አንድ ፖስተር፣ አንድ የክበብ ድራማ የልጅን ዕጣ አይለውጥም።

ይህን የሚያስረዳ የራሳችን ምሳሌ አለን፤ ከውጭ መጥቀስ እንኳን አያስፈልገንም። ከባሕር ዳር ወጣ ብላ በምትገኘው ሞሰቦ ቀበሌ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ሙከራ ተካሂዶ ነበር። ልጃገረዶች በቡድን ተሰብስበው ስለ ሰውነታቸው፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ መብታቸው ይማራሉ፤ ትምህርት ቤት ላሉት ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣል፤ ሁለቱን ዓመት ሳትዳር ለጨረሰች ልጅ ቤተሰቧ በአደባባይ የቤት እንስሳ ይሸለማል። ውጤቱ ሲለካ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 14 የሆኑት የመዳር ዕድላቸው ከሌላው ቀበሌ ልጆች ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ ዐሥረኛ ወርዶ ተገኘ። ትምህርት ቤት የመቆየታቸውም ነገር ጨመረ። ያገቡትም ቢሆኑ የእርግዝና መከላከያ የመጠቀማቸው ነገር ከፍ አለ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ ግን ጋብቻው አልቀነሰም፤ እንዲያውም የፕሮግራሙ ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ አግብተው ተገኙ። ቤተሰቡ ጋብቻውን ሰረዘው ሳይሆን ገፋ አደረገው ማለት ነው። እኔ ይህን ውጤት ከብዙ የድል ሪፖርት አስበልጬ እወደዋለሁ፤ ምን እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚቆም በግልጽ ያሳያልና። ትምህርቱ ከደብተሩ፣ ከሽልማቱና ከጎረቤት ዐይን ጋር ሲጣመር አሥራ ሁለት ዓመት የሞላትን ልጅ ያድናል። አሥራ ስድስት የሞላትን ለማዳን ከዚያ በላይ የሚቀጥል ነገር፣ ማለትም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ከዚያ በኋላ የሚጠብቃት ሥራ ያስፈልጋል።

«ልጆቹ ሁሉን ያውቃሉ፤ ስልኩ አስተምሯቸዋል» የሚለውን ክርክር በአጭሩ ልለፈው። ኤድስ በአገራችን ከገባ በኋላ በየትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበብ ተቋቁሟል፣ በሚኒ ሚዲያ ተለፍፏል፣ «የቀን ቅኝት»ን የመሰለ የሬዲዮ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 ሚሊዮኖች ሰምተዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 24 ከሆኑት መካከል ስለ ኤችአይቪ የተሟላ ዕውቀት አላቸው የተባሉት ከሴቶቹ 24 ከመቶ፣ ከወንዶቹ 39 ከመቶ ብቻ ናቸው። ስልኩ የሚያሳየው ሥዕል ነው። ሥዕሉ ምጥ ስለሚጸናበት ሰዓት ወይም እምቢ ስለማለት ምንም አይነግራቸውም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ፣ በውጭ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ አጀንዳ ነው ይባላል። የገንዘቡ ነገር እውነትነት አለው፤ የእርግዝና መከላከያ አቅርቦታችን ለዘመናት በለጋሾች ላይ የተንጠለጠለ ነው። ታሪኩን ግን በሙሉ እንየው። ጽንስ ማቋረጥን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የከለከለውና የእርግዝና መከላከያን በአደባባይ ማስተዋወቅን ሳይቀር የሚቀጣ አንቀጽ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ረቂቅ የስዊሱ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ሥራ ነው። ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ የፈቀደው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም የፈረንሳዊው የሬኔ ዳቪድ ነው። ክልከላው ከጄኔቫ ሲመጣ «የኛ» ከሆነ፣ ትምህርቱ ከየት እንደመጣ ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 በንጉሡ ዘመን ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ከሚደርስባቸው ጉዳት እንዲጠበቁ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ከዚህ በላይ አገርኛ ሰነድ አላውቅም። ክልከላውም ቢሆን የውጭ ገንዘብ አለው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ፣ ፓርቲ በተቀያየረ ቁጥር እያነሣና እየመለሰ፣ ጽንስ ማቋረጥን የሚያካሂድ ወይም የሚያስተዋውቅ የውጭ ድርጅት ርዳታ እንዳያገኝ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከሰሃራ በታች ያሉ 26 አገሮችን መርምሮ ነበር። ክልከላው በሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ በዚያ ርዳታ ላይ ይበልጥ በተመሠረቱት አገሮች የመከላከያ ተጠቃሚው ቀንሶ፣ ጽንስ ማቋረጥ ከሌሎቹ አንጻር በ40 ከመቶ ያህል ጨምሮ አገኘው። ክልከላው ሊቀንሰው የተነሣውን ነገር አብዝቶታል።

ተቃዋሚዎች ትክክል የሆኑበት ቦታ ግን አለ፤ እርሱን ዝም ብዬ ካለፍሁ አላገለገልኋችሁም። የሕዝብ ብዛትን መቀነስ ከሴቲቱ ጤና በፊት የሚያስቀድም አስተሳሰብ አለ፣ ነበረም። የ1985 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብ ፖሊሲያችን ራሱ የሚናገረው በዒላማ ነው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2015 አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች ከ7.7 ወደ 4 እንዲወርዱ፣ መከላከያ የሚጠቀሙት ከ4 ከመቶ ወደ 44 ከመቶ እንዲወጡ። ዒላማ የተሰጠው ባለሙያ መርፌውን ይቆጥራል፤ ሴቲቱ መረዳቷን የሚቆጥርለት የለም። ይህ ወዴት ሊያመራ እንደሚችል ያየነው በእስራኤል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ በዚያ አገር ቴሌቪዥን በቀረበ ዝግጅት ከኢትዮጵያ የሄዱ ሴቶች በጎንደር የመሸጋገሪያ ጣቢያና ከገቡም በኋላ በየሦስት ወሩ የሚወሰደውን መከላከያ መርፌ ምንነቱን ሳይረዱ እንደተወጉ፣ አንዳንዶቹም ጫና እንደነበረባቸው ተናገሩ። በቀጣዩ ወር የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር የሕክምናውን ትርጉም ላልተረዳች ሴት መርፌውን እንዳያድሱ ለሐኪሞች መመሪያ ጻፉ። በኋላ ጉዳዩን የመረመረው የመንግሥት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ማስገደድ ስለመኖሩ ማስረጃ አላገኘሁም አለ፤ ሴቶቹ ቃላቸውን አልቀየሩም። ለእኔ የጉዳዩ ፍሬ ማን አዘዘ የሚለው ብቻ አይደለም። በገዛ ቋንቋዋ የተነገራት፣ ስንት ወር እንደሚቆይ፣ ጉዳቱ ምን እንደሆነ፣ እምቢ ማለት እንደምትችል የምታውቅ ሴት ላይ ይህ አይደረግም። «ምዕራባውያን ሊያመክኑን ነው» ብለው የሚሰጉ ሰዎች ከማንም በላይ ትምህርቱን መጠየቅ ነበረባቸው፤ ከመርፌው የሚያስጥል ዕውቀትና መርፌውን የሚያስመርጥ ዕውቀት አንድ ነውና።

ስለ ጽንስ ማቋረጥ ሳልናገር ብወርድ ፈራ ትሉኛላችሁ፤ ትክክልም ትሆናላችሁ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥን በመርህ ደረጃ ወንጀል አድርጎ አስቀርቶታል። በአንቀጽ 551 ግን እርግዝናው በአስገድዶ መድፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት ከሆነ፣ የእናቲቱን ወይም የጽንሱን ሕይወት ወይም የእናቲቱን ጤና የሚያሰጋ ከሆነ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት፣ ሴቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ የማትችል ከሆነ አያስቀጣም። ተደፍሬአለሁ ላለች ሴት ቃሏ ይበቃል፤ የፍርድ ቤት ማስረጃ አትጠየቅም። ሕጉ ሲረቀቅ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበርና የሴት የሕግ ባለሙያዎች በአንድ ወገን፣ የሃይማኖት ተቋማት በሌላው ወገን ቆመው ተከራክረውበታል። ሐኪሞቹን ያንቀሳቀሳቸው ከየጓዳው በእንጨት፣ በሽቦና በመርዛማ ቅጠል ቆስለው የሚመጡ ሴቶች መብዛታቸው ነበር።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ የተካሄደ ጽንስ ማቋረጥ 382,500 ያህል እንደሆነ ተገምቶ ነበር። በ2014 ግምቱ 620,300 ሆነ። የሕዝቡን ቁጥር መጨመር ብናስብ እንኳን በመውለድ ዕድሜ ካሉ ከ1,000 ሴቶች 22 የነበረው ወደ 28 ከፍ ብሏል። ሕጉን የደገፉ ብዙ ሰዎች ይህን ቁጥር በግርጌ ማስታወሻ ይደብቁታል፤ አይገባም። ከዚሁ ጋር በሕጋዊ መንገድ በጤና ተቋም የተደረገው ከ27 ከመቶ ወደ 53 ከመቶ አድጓል። ስለዚህ የምረዳው ይህን ነው፦ ሕጉ ጽንስ ማቋረጥን ከጓዳ ወደ ሐኪም ዘንድ አምጥቶታል፤ አልቀነሰውም። ሊቀንሰውም አልተሠራም። ጽንሱ ሕይወት ነው፣ ማጥፋቱ ኃጢአት ነው ብሎ የሚያምን ሰው በዚህ ቁጥር ሊያዝን ይገባዋል፤ ሐዘኑንም አከብራለሁ። ነገር ግን ጥያቄዬ ቀጥሎ ይመጣል። ያልተፈለገ እርግዝናን አስቀድሞ የሚከላከለው ምንድን ነው? ሴትየዋን ማሰር አይደለም፤ ከ1997 ዓ.ም. በፊት ሕጉ ጥብቅ ነበር፣ ሴቶችም በየጓዳው ይሞቱ ነበር። የሚከላከለው ከእርግዝናው በፊት የደረሰ ዕውቀትና የደረሰ አገልግሎት ነው። ጽንስ ማቋረጥን አጥብቆ የሚጠላ ሰው ከደጋፊውም በላይ ጾታዊ ትምህርትን የሚፈልግበት ምክንያት አለው። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ መቃወም እሳቱንም ውኃውንም በአንድ ፊርማ መከልከል ነው።

መጠቅለሉ ግን ከተቃዋሚው ብቻ የመጣ አይደለም። የመብት ተሟጋቾቻችን በሚናገሩት አማርኛ ራሳቸው ጠቅልለውታል። ስብሰባቸው በሆቴል፣ ቋንቋቸው ከሪፖርት የተገለበጠ፣ ጥቅሳቸው ከዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 በኬፕ ታውን የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጤናና የትምህርት ሚኒስትሮች ጾታዊ ትምህርትን ለማስፋፋት የገቡትን ቃል ተቀብላለች፤ ስንት ወላጅ፣ ስንት የደብር አስተዳዳሪ፣ ስንት ኢማም ግን ትምህርቱ ምን እንደሚይዝ አይቶ ያውቃል? ያላየው ሰው በስልኩ የደረሰውን፣ ከሌላ አገር መማሪያ የተቀነጨበ ገጽ «ለልጆቻችን ሊያስተምሩት ነው» ሲባል ያምናል። ባያምን ነበር የሚገርመው። ከዚህ ይልቅ የተሳካልን ሥራ ሌላ ዓይነት ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከዚያው ቀበሌ የወጡ፣ ቡና የሚጠጡበት ቤት ውስጥ በቋንቋቸው የሚናገሩ ሴቶች ናቸው። ካገቡ ሴቶች ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት እ.ኤ.አ. በ2000 6 ከመቶ ነበሩ፣ በ2016 35 ከመቶ ደርሰዋል። በዚሁ ዘመን ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት እናቶች ግምት ከ871 ወደ 412 ወርዷል። ይህ ሁሉ በመከላከያው ብቻ የመጣ ነው አልልም፤ መንገዱም፣ አምቡላንሱም፣ ጤና ጣቢያውም አለበት። ግን በዚያ ለውጥ ውስጥ ሃይማኖቱን የተወ መንደር አላየንም። ምእመኑ ጾሙን እየጾመ፣ ሶላቱን እየሰገደ መርፌውን ተቀብሏል።

የቀረው ጉድለት የጊዜ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሙሽሪትን የምታገኛት ብዙ ጊዜ ካገባች ወይም ካረገዘች በኋላ ነው። የትምህርት ቤቱም ባዮሎጂ ስለ ሰው መዋለጃ አካላት በዝርዝር የሚናገረው በላይኞቹ ክፍሎች ነው፤ የምታገባው ልጅ እዚያ ከመድረሷ በፊት ወጥታለች። ስለዚህ «ለዕድሜያቸው አይመጥንም፣ ከፍ ሲሉ ይማሩት» የሚለው ምክር አስተዋይ ቢመስልም በተግባር የሚያስቀረው እርሷን ነው፤ የከተማዋ ልጅ ቢዘገይባትም ይደርሳታል። ትምህርቱ አራተኛና አምስተኛ ክፍል መድረስ አለበት። በዚያ ዕድሜ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ወር አበባ ምን እንደሆነ፣ ሰውነቷን ማንም ያለፈቃዷ እንዳይነካ፣ ቢነካት ለማን እንደምትናገር፣ ከ18 ዓመት በፊት መዳር በ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648ም የተከለከለ መሆኑን፣ በልጅነት መውለድ ምን እንደሚያመጣ። ወንዶቹም አብረው ይማሩት፤ ነገ ባሎቹ እነርሱ ናቸውና። ስለ መከላከያ ዝርዝር፣ ስለ ግንኙነት፣ ስለ ጽንስ ማቋረጥ ሕግ ከፍ ባለው ክፍል የሚጻፈውን ገጽ ግን ከመታተሙ በፊት ቄሱም፣ ሼኩም፣ ፓስተሩም፣ የወላጅ ኮሚቴውም ያንብቡት፤ የሚቃወሙትን ከነምክንያቱ ይጻፉ፤ ሐኪሙና መምህሩ ይመልሱላቸው። ያ ክርክር ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ሁለትም ይፍጅ። የአምስተኛ ክፍሉ መጽሐፍ ግን እርሱን አይጠብቅ።